የሠርክአዲስ መርዶ

አባቴ ጥሩ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የሚሰማ ሁሉ ክፉ ሰው አድርጎ እንዳይስላቸው ነው። ክፉ ቢሆኑማ ኖሮ ለእኔም በቀለለኝ። ክፉን ሰው ጠልቶ መገላገል ይቻላል።

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ሱቅ አለችኝ። የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ፣ መብራት ባለ ቀን ደግሞ የገጠሩን ሰው ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው ስልኩን ጥሎልኝ ይሄዳል። የአባቴ እህት እቴቴ ንግሥቴ ግን ጉዳይዋ ሌላ ነበር። በቡሬ መንገድ ካለው ቀበሌያችን ተነሥታ ገበያ የምትወጣው ለመሸጥም ለመግዛትም አልነበረም። ለሰው ዓይን ያህል ትንሽ ጌሾ ትይዛለች እንጂ፣ የምትመጣው ሠርክአዲስ በእኔ ስልክ ስለምትደውል ነው።

ሠርክአዲስ ልጇ ናት። የወተት ጥርሷ ተነቅሎ ሳያልቅ ነው ለሆላንድ ሰዎች በማደጎ የተሰጠችው። አባቷ በወባ የሞተ ጊዜ እቴቴ ንግሥቴም ታማ ተኛች፤ በዚያው ክረምት ሰዎች መጡና «ተምራ ትመለሳለች፣ በየዓመቱ ፎቶዋ ይመጣል» አሉ። ያን ጊዜ ብዙ ልጅ እንዲሁ እየተባለ ሄዷል። ለቤተሰቡ የቆሙት አባቴ ነበሩ። «እዚህ በረኃብ ከምታልቅ ትሂድ» አሉ፤ እቴቴም ከተኛችበት ቀና ብላ ጣቷን አተመች። ፎቶው አንዴ መጣ፣ ሁለተኛ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። ሰዎቹም ጠፉ። እቴቴ ንግሥቴ ድና ብትነሣም፣ የሰው ልጅ ደብተር ይዞ ሲያልፍ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

ሠርክአዲስ ባደገችበት አገር ብርዱ ሲበረታ ውሃው ይረጋል። ልጅ አዋቂው ከጫማው ሥር ስለት እያሰረ በላዩ ይንሸራተታል። አሳዳጊ አባቷ ብርድ ለምጂ ብሎ ወሰዳት። በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ የወደደችው ፍጥነቱን አልነበረም። በረዶው ላይ ስትሆን «ከየት መጣሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው አለመኖሩን ነው። ክለብ አስገቧት። ከዚያ ሾርት ትራክ የሚባለውን መረጠች። አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ዙሩ አጭር ነው፣ ተሽቀዳዳሚዎቹ መስመር መስመራቸውን ይዘው ሳይሆን ተደባልቀው ነው የሚሄዱት። ኩርባው ላይ አንዷ አንዷን አልፋለሁ ስትል ይጋፋሉ፣ ይወድቃሉ፤ ለወደቀ ሰው ደግሞ ከኋላው የሚመጣ ስለት አለ። ሌሎቹ ልጆች ኩርባውን ሲፈሩ እሷ በውስጠኛው በኩል ሾልካ ታልፍ ነበር። አሠልጣኟ «ቤት የሚጠብቅሽ ሰው እንደሌለ ሆነሽ ነው የምትሄጂው» አላት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

በመጀመሪያው ኦሎምፒኳ ተጠባባቂ ነበረች። ልብሱን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ ተቀመጠች፤ ማንም አልታመመም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ውድድሩ አልቆ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሁለተኛው ገና ማጣሪያው ላይ ከጎኗ የነበረች ልጅ ወድቃ ጠለፈቻት፤ የሌላኛዋ ስለት ጭኗን ቀደደው። ወራት ተኛች። እናቷን መፈለግ የጀመረችው ያኔ፣ አልጋ ላይ ሆና ነው። የእናቷንና የከተማችንን ስም ብቻ ይዛ የፍኖተ ሰላምን ልጆች በፌስቡክ እያሰሰች ስትጠይቅ እኔ ላይ ደረሰች። ፎቶዋን ሳየው የእቴቴ ንግሥቴን ግንባር አየሁት። ሱቄን ዘግቼ ወደ ገጠር ሮጥኩ።

በመጀመሪያዋ ቅዳሜ እናትና ልጅ በስልኩ መስታወት ተያዩ እንጂ አልተነጋገሩም። ሠርክአዲስ አማርኛውን ጨርሳ ረስታዋለች። እቴቴ ንግሥቴ ግን ልጅን አፍ ማስፈታት ታውቅበታለችና እንደገና ጀመረች። «ውሃ በዪ። ላም በዪ። እማ በዪ።» ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሱቄ ትምህርት ቤት ሆነ። ስለዚህ ሠርክአዲስ የምታወራው የአዲስ አበባውን አማርኛ አይደለም፤ የእናቷን የገበሬ አማርኛ ነው፣ በሆላንድ አፍ። ስለ ቡቃያና ስለ አረም እንደ ልቧ ትናገራለች፣ «ኮምፒውተሬ ተበላሸ» ለማለት ግን ቃል ያጥራታል። የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ዮሐንስን «አንተ ደኅና ነህ?» ብላቸው፣ እሳቸው እንኳ በሳቅ ዕንባቸው መጣ።

ሥራዋን ስንነግራት እቴቴ ንግሥቴ አላመነችም። እኛ ዘንድ በረዶ ሰማይ ሲጠቁር የሚመጣና ያሸተ ጤፍ የሚያወድም ነው። «ስንት አዝመራ የፈጀብንን በረዶ ልጄ ትረግጠዋለች?» ብላ እስኪያማት ሳቀች። በኋላ ግን አንድ ሞኝ ጎረምሳ ያንን ጭኗን የተቆረጠችበትን ውድድር በስልኩ አሳያት። ከዚያ ወዲህ ሳቁ ቀረ። ልጇ በየአገሩ ስትወዳደር ለመሆኑ አሸነፍሽ ወይ ብላ ጠይቃ አታውቅም። «ወደቅሽ?» ትላለች። «አልወደቅኩም እማ» ትላታለች። በቃ፣ ጌሾዋን አንሥታ ወደ ቤቷ።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገዱ አንዱን ሳምንት ይከፈታል አንዱን ሳምንት ይዘጋል። መተያየቱ ቀርቶ በተራ ስልክ ድምፅ ለድምፅ ብቻ ሆነ። ሠርክአዲስ ከሦስተኛው ኦሎምፒክ በኋላ እመጣለሁ አለች። እናቷም «እሺ» አለች እንጂ አሁን ነይ አላለችም።

ይህ ነገር ሠርክአዲስን ሲበላት ኖሯል። አንድ ቅዳሜ እናቷ ከወጣች በኋላ መልሳ ደወለችልኝ።

«ህይወት፣ እማ ጠርታኝ ታውቃለች?»

«እንዴት ጠርታሽ?»

«ከሰጠችኝ በኋላ። ልጄን መልሱልኝ ብላ ታውቃለች?»

«ትወድሻለች» አልኳት።

«መውደድ አላልኩም» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እቴቴን «ለምን ነይ አትዪያትም?» ብዬ ብጠይቃት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «በየትኛው አፌ? ሰጥቼ ልጥራ? ራሷ ስትመጣ ትምጣ እንጂ፣ እኔስ የመጥራት መብት የለኝም» አለች። ሁለቱም እንዲህ ሆነው፣ አንዷ እስክትጠራ፣ አንዷ ሳትጠራ እስክትመጣላት ይጠባበቁ ነበር። እኔ መሐል ላይ ተቀምጬ ካርድ እሸጣለሁ።

ኅዳር ላይ እቴቴ ንግሥቴ ሆዷ አበጠ። ሐኪሞቹ አይተው ጉበቷ መሆኑን፣ ጊዜውም እንዳለፈ ነገሩን። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል አስተኛኋት። አባቴ ከገጠር መጥተው ከአጠገቧ አልተለዩም፤ በገዛ እጃቸው አጥሚት ያጎርሷት ነበር። ጥሩ ሰው ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ሠርክአዲስ ደወለች። ለኦሎምፒኩ ተመርጣለች፤ ድምፅዋ ይሮጣል። «እማ ደኅና ነሽ?» ስትል እቴቴ አባቴን አየቻቸው። «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እኛ አገር ሰው ሞቱ አፋፍ ላይ ሆኖም ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለውም። ስልኩ ሲዘጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ጥሩልኝ» አለች።

«ማንን እቴቴ?»

«ሠርኬን። ነውር ከሆነም ነውር ይሁንብኝ። እናትሽ ጠራችሽ በሏት፤ ትምጣልኝ።»

ስልኩን አነሣሁ። አባቴ «አስቀምጪው» አሉኝና ወደ ደጅ ይዘውኝ ወጡ።

«አባዬ፣ እርስዎም ሰምተዋል። ጥሩልኝ አለች እኮ።»

«የታመመ ሰው ብዙ ይላል። ትድናለች። ልጂቱ ዕድሜዋን የለፋችበትን ነገር በአንድ ስልክ ልታፈርሺባት ነው? ደግሞስ በየትኛው መንገድ ነው የምትመጣው? ተታኩሰውባት እዚህ መንገድ ላይ ብትቀር ማን ይጠየቃል?»

«እሷ ትወስን። ንገሩኝና ልምረጥ ትላለች እንጂ…»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ንግሥቴማ ታማ ነበር፣ ምን ታውቃለች። እኔ ነኝ። በከንቱ አልሰጠኋትም። አንድ ነገር ሆና ታሳየኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ኦሎምፒኩን ከሠርክአዲስ ይልቅ የሚፈልጉት አባቴ ነበሩ። ለእሷ ውድድር ነው፤ ለእሳቸው ይቅርታ ነው።

እቴቴ ንግሥቴ በየቀኑ «ደወላችሁ?» ትላለች። አባቴ «ተደውሏል፤ መንገድ ላይ ናት» ይሏታል። ሱቄ መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ የመኪና ጥሩምባ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች። ፀጉሬን ሥሩኝ አለች፣ ተሠራች። አንድ ቀን ይህን ማየት አቃተኝና አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ቁጥሩን መታሁት። ከደወለችባት ቅዳሜ ወዲህ ግን ኔትወርክ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ነበር። ደጋግሜ መታሁት፣ ያቺ የማትደክም ሴት በቀረጻ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች፣ እሱም ይቆረጣል። የገና በዓል ባለፈ ማግስት፣ ጧት፣ የደምበጫ መኪና ሲገባ ጥሩምባውን ሰማች። «ደርሳለች መሰል፣ ውጪ ተቀበያት» አለችኝ። ወጣሁ፤ ምን ላድርግ። ስመለስ አልነበረችም።

ቀብረን ስንመለስ ኔትወርኩ መጥቶ ቆየን። ቤተ ዘመዱ ተሰበሰበ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ በባዕድ አገር ላለ ሰው ጨርሶ አይነገርም። ሰውየው ይመጣል፣ እህል ይቀምሳል፣ ያድራል፤ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባና፣ ራሱን እንዳይጥል ግራ ቀኝ ይዞ ይነግረዋል። ደግ ልማድ ነው። ይህን ልማድ ያወጣ ሰው ሐዘን ምን እንደሆነ ያውቃል። ኦሎምፒክ ግን አያውቅም።

እኔ «ይነገራት» አልኩ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አባቴ «ይህቺ ልጅ አፏ ፈጣን ነው» ብለው አባ ወልደ ዮሐንስን አዩ፤ አባም መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ። ሠርክአዲስ መጥታ መርዶዋን በወጉ እስክትሰማ የእናቷን ሞት የነገረ የተወገዘ ይሁን አሉ። በግዝት የታሰረ ሰው ቢሞት ፍታት የለውም። እኔም ከሌሎቹ ጋር «አሜን» አልኩ።

ስትደውል አባቴ ስልኩን ተቀበሉኝ። «እናትሽ ጸበል ገብታለች፤ እዚያ ስልክ አይገባም» አሏት። ጸበል ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ እናቷ አስተምራታለች። «ለእኔ ነው?» አለች። «ለአንቺ ነው ልጄ» አሏት። ደስ አላት።

ተዝካሩ ከዐቢይ ጾም ጋር እንዳይገጥም ቀደም ተደርጎ ቅበላ ላይ ሆነ። ገጠር፣ በእቴቴ ደጅ፣ ዳስ ተጥሏል፤ ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ማዕድ ቀርቧል፤ ሴቶቹ ከል ለብሰው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። ስልኬ ጮኸ። ሠርክአዲስ ናት።

«ህይወት! ፍጻሜ ገባሁ! ነገ ነው!» ትንሽ ቆይታ «ምንድን ነው ድምፁ? ሰው በዛ» አለች።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ሠርግ ነው ልጄ። የጎረቤት ሠርግ።»

«ደስ ይላል አጎቴ። እልል በሉልኝ፣ ልስማው። እማ የለችም፣ እናንተ እልል በሉልኝ።»

ስልኩ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ዳሱ ሁሉ ሰማ። ሴቶቹ ጎንበስ አሉ። አባ ወልደ ዮሐንስ ጉርሻቸውን ወደ ገበታው መለሱ። አባቴ ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ በልመና ዓይን፣ «በሉላት እንጂ» አሉ። የእቴቴ ንግሥቴ ጎረቤት እማሆይ አምለሰት ጀመሩ። ቀጭን ነበረ መጀመሪያ። ከዚያ አንዷ ተቀበለች፣ ከዚያ ሁሉም። ከል የለበሱ ሴቶች በተዝካር ዳስ ውስጥ እልል አሉ። እኔ እልል አላልኩም። በስልኩ ውስጥ እየሳቀች «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» ስትል ይሰማል። ስልኩ ሲዘጋ ያው እልልታ ሳያቋርጥ ወደ ዋይታ ዞረ፤ የትኛው የት ላይ እንዳበቃ መለየት አይቻልም ነበር።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም፣ ዲሽ ያለው ሆቴል ውስጥ ተሰብስበን አየናት። ከተማው ኦሎምፒክ የሚያውቀው ዐሥር ሺህ ሜትርን ነው። «ምነው አጎነበሱ?» ይላል አንዱ። «ዙሩ አነሰ፣ ልጆቹ ይዞርባቸዋል» ይላል ሌላው። እሷ ከኋላ ነበረች፣ ጥቁር ፊቷ ከባርኔጣው ሥር ብቻውን ይለያል። አባቴ ወንበራቸውን ትተው ቆመዋል። መጨረሻው ሲቃረብ ከፊት ያሉት ሁለቱ ኩርባው ላይ ተያይዘው ወደ ግድግዳው ተወረወሩ፤ ሠርክአዲስ በውስጠኛው በኩል ሾልካ አለፈች። ሦስተኛ ወጣች። ሆቴሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ያ የመጨረሻ ውድድሯ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ጫማ አላሰረችም።

ጋዜጠኛዋ ማይክ ሰጠቻት። በራሳቸው ቋንቋ ጥቂት ተናገረች። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞራ፣ በእኛ በገበሬዎቹ አማርኛ፣ «እማ፣ አልወደቅኩም። አየሽኝ? አልወደቅኩም» አለች።

ነገሩን የማያውቁት ሰዎች እንደገና አጨበጨቡ። እኛ ተያይተን ወጣን። አባቴ በረንዳው ላይ ቆመው «ይኸው፤ አላልኩሽም?» አሉኝ። ዕንባቸው አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ላጽናናቸው እጄን ልዘረጋ ነበር፤ አልቻልኩም።

መንገዱ ሲከፈት መጣች። ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በኮንትራት መኪና በመራዊ በኩል፣ ገጠር እናቷ ደጅ ድረስ። ጧቱን ሁላችንም ከላችንን አውልቀን ነጭ ለብሰን ነበር። ከመኪናው ወርዳ አንድ በአንድ ሳመችን፤ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ስታልፍ ዓይኗ ከትከሻችን ኋላ ይፈልጋል።

«እማስ?»

«ጸበሉ ጋ ናት። ነገ በጠዋት እንወስድሻለን፤ አሁን እህል ቅመሺ» አሏት አባቴ።

ቀመሰች። ሜዳሊያውን አወጣችና ለአባቴ ሰጠቻቸው። አባቴ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ በእናቷ መደብ ላይ አስተኛናት። «እማ በየትኛው በኩል ነው የምትተኛው?» አለችኝ። በግድግዳው በኩል አልኳት። ወደዚያ ተጠጋችና ወዲያው ተኛች።

ሊነጋጋ ሲል የሰው ኮቴ በደጅ በዛ። ሠርክአዲስ ነቃች። ሰዎቹ ሲገቡ አይታ ፈገግ አለች። ወደ ጸበሉ ሊሸኟት የመጡ መስሏት ጫማዋን መሳብ ጀመረች። የነጠላቸውን መዘቅዘቅ ማንኛችንም እንደምናነበው አላነበበችውም፤ ይህን እናቷ አላስተማረቻትም ነበር። ሴቶቹ ግራ ቀኟን ያዙ። አባ ወልደ ዮሐንስ «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ለእግዚአብሔር ነው» ብለው ጀመሩ።

«እማ ታመመች?» አለች።

«ዐርፋለች ልጄ።»

ሴቶቹ ራሷን ትጥላለች ብለው ጠበቅ አድርገው ያዟት። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። አንዱን ጫማ አድርጋለች፣ አንዱ እጇ ላይ ነው። ሴቶቹ ለብቻቸው ማልቀስ ጀመሩና፣ የሐዘኑ ባለቤት ዝም ስትል ግራ ገብቷቸው ዝም አሉ።

«መቼ?»

«የገና ማግስት» አሉ አባቴ።

አሰበችው። ፊቷ ላይ ወደ ኋላ ስትቆጥር ይታይ ነበር። «ሠርጉ» አለች። መልስ አልጠበቀችም።

«ለምን አልነገራችሁኝም? እመጣ ነበር። ሁሉን ትቼ እመጣ ነበር።»

«ለዚያ ነው ልጄ» አሉ አባቴ። «ትተሽ እንዳትመጪ ነው።»

ሠርክአዲስ እጇን ከሴቶቹ አስለቀቀችና አባቴን አየቻቸው። «አጎቴ፣ እማ ስትታመም ጠራችኝ?»

አባቴ አሁን ደግ የሚሆኑ መስሏቸው ነው፤ ይህን አምናለሁ። ጸጸቱን ሊያቀልሉላት ፈልገው ነው። «የለም ልጄ፣ አልጠራችሽም። ሩጫዋን ትጨርስ፣ አትንገሯት ነው ያለችው። በሰላም፣ መርቃሽ ነው የሄደችው።»

ሠርክአዲስ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ሐዘን አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ነገር እንደገና የሰማች ሰው ፊት ነው። እናቷ ሁለት ጊዜ ሰጠቻት፤ ያኔ በጣቷ፣ አሁን በአፏ። «እሺ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«አባዬ ይዋሻሉ» አልኩ።

በአባቴ ፊት፣ በነፍስ አባታችን ፊት፣ በቤተ ዘመዱ ሁሉ ፊት አልኩት። አባቴ «ህይወት» አሉ፣ እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ ልመና። አልሰማኋቸውም። መደቡ አጠገብ ተንበረከክሁና እጇን ያዝኩ።

«ጠርታሻለች» አልኳት። «ያኔ ደኅና ነኝ ብላሽ ስልኩ እንደተዘጋ ጠርታሻለች። ሰጥቼ መጥራት ነውር ከሆነም ነውር ይሁንብኝ፣ እናትሽ ጠራችሽ በሏት አለች። በየቀኑ ጠርታሻለች። ተደውሎላታል፣ እየመጣች ነው ብለዋት ፀጉሯን ተሠርታ ጠብቃሻለች። የሞተች ጧት ደርሳለች መሰል ተቀበያት ብላ እኔን ወደ መናኸሪያ ላከችኝ።»

አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር ተነጋግረው አያውቁም፤ እኔም አልሄድኩባቸውም። ሜዳሊያው አሁንም እሳቸው ዘንድ ነው፤ ሠርክአዲስ ወደ ሆላንድ ስትመለስ አልወሰደችውም።

ያን ጧት ግን ሠርክአዲስ አፌን አፌን እያየች ቆየች። «ምን ብላ ጠራችኝ?» አለችኝ።

«ሠርኬ ብላ።»

ከመደቡ ላይ ዞር አለች፤ በግድግዳው በኩል ወዳለው፣ እናቷ ትተኛበት ወደነበረው ቦታ ጎንበስ አለችና፣ ከደጅ ስትጫወት እንደተጠራች ትንሽ ልጅ፣ «አቤት» አለች። «አቤት እማ። አቤት።»